አንባቢውና ገቢው፦ በየካ ክፍለ ከተማ የሚቋቋም አዲስ የአማርኛ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ስለሚያድግበት መንገድ

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። የምልከታ ማዕከሉ የተመረቀው በ2007 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ የምትልከውን መረጃ እንዲቀበል የተሠራው የምድር ጣቢያም በዚያው በእንጦጦ ነው። ከተራራው ወርደን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል አድርገን መገናኛ ስንደርስ ደግሞ ሌላ የቴክኖሎጂ ዓለም ይቀበለናል። በዚያ ያገለገለ ስልክ ይሸጣል፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ይቀየራል፣ የተዘጋ ሒሳብ ይከፈታል፣ ዋጋውም በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖረውን አንባቢ ነው። የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ካራ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ስለ ስልኩ፣ ስለ ክፍያ መተግበሪያው፣ ወይም ከራስጌው ስላለው ቴሌስኮፕ በአማርኛ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ጥቂት ነው፤ የሚያገኘውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ነው። ክፍተቱን ለመሙላት የሚነሣ ወጣት ምሩቅ አይጠፋም። ድረ ገጹን ይከፍታል፤ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ ይጽፋል፤ በሦስተኛው ወር ይደክማል፤ ዓመቱ ሞልቶ የአድራሻና የሰርቨር ኪራይ ሲጠየቅ ይዘጋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «አንባቢ የለም» ይባላል።

ምክንያቱ ግን አንባቢ ማጣት አይመስለኝም። ዳታሪፖርታል ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በኢትዮጵያ 24.8 ሚሊዮን ያህል የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ነበሩ። ይህ ከሕዝቡ 19.4 በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ ለአንድ አዲስ ድረ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ያለው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች፣ ማለትም አንባቢን ማምጣትና ገቢን ማምጣት፣ እንደ አንድ ሥራ መቆጠራቸው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሥራ በአማርኛ የራሱ የሆነ የፊደልና የፍለጋ ጠባይ አለው። ሁለተኛው ደግሞ ከጎብኚው ብዛት ይልቅ ገጹ ለአንድ ሰው ከሚያድነው መንገድና ወጪ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት የገንዘብ ስሌቶች ለማሳያ የተቀመጡ መሆናቸውን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

ፊደሉና ፍለጋው

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ መንገድ በሚያስቀምጣቸው የፊደል ቅርጾች ነበር። እነዚህ ጽሑፎች ለዓይን አማርኛ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ድርድር ናቸው፤ በፍለጋም አይገኙም። ብዙ መዝገብ ዛሬም በዚህ ምክንያት ከፍለጋ ውጭ ተቀምጧል። አዲስ ድረ ገጽ ከዚህ ዕዳ ነፃ ሆኖ መነሣቱ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሆኖም ዩኒኮድ የሞክሼ ፊደላትን ጉዳይ አልፈታም፤ ሊፈታውም አይችልም። «የፀሐይ ኃይል» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ፤ ለየካ ነጋዴ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚታወሰው ርእስ ነውና። የመጀመሪያው ቃል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ» ሊጻፍ ይችላል። «ሐ» ደግሞ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ»፣ «ኃ» ሆኖ በስድስት መልክ ይመጣል፤ ስለዚህ ቃሉ ብቻውን 12 አጻጻፍ አለው። በ«ኃይል» መነሻ ያሉት ስድስት መልኮች ሲባዙበት 72 ይሆናል። ሰባ ሁለቱም በአንባቢው ጆሮ አንድ ናቸው፤ በፊደል ለፊደል ፍለጋ ግን ሰባ ሁለት የተለያዩ ሐረጎች ናቸው። እኛ የምንነጋገርበት ነገር ስም እንኳ አልተረጋጋም። «ድረ ገጽ» በ«ጽ»ና በ«ፅ»፣ ተለያይቶና ተጣብቆ አራት መልክ አለው። «ድህረ ገጽ» የሚሉትን በሦስቱ የ«ህ» ዓይነቶች ስንጨምር 12 ተደምሮ 16 ይደርሳል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ማዋሐድ ነው፤ በአማርኛ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ጥናቶችም እንደ ቅድመ ዝግጅት የሚሠራበት ነው። እኔ የምስማማው በግማሹ ነው። ድረ ገጹ የራሱን የፍለጋ መዝገብ ሲያዘጋጅ ፊደላቱን ያዋሕድ፤ በገጹ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ግን አይንካ። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ወሰደ የሚለውን ልዩነት የሚያውቅ አንባቢ አሁንም አለ፤ የአጻጻፍ ጥንቃቄም የእምነት ምልክት ነው። ከውጭ ለሚመጣው ፍለጋ ደግሞ ርእሱ በትክክለኛው አጻጻፍ ተቀምጦ፣ በብዛት የሚዘወተረው ሌላ አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ ቦታው አንድ ጊዜ ቢገባ ይበቃል። ሰባ ሁለቱንም ከገጹ ግርጌ መደርደር አንባቢን ማባረር ነው።

ሌላው ጠባይ ከሞክሼዎቹም የከበደ ነው። በላቲን ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች ቅጥያ ሲጨመር የቃሉ ግንድ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። በአማርኛ ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፦ «ስልክ»፣ «ስልኩ»፣ «ስልኬ»፣ «ስልኮች»፣ «ስልካችን»። በአምስቱም ውስጥ ሳይለወጥ የቀረው «ስል» ብቻ ነው። ከፊት «የ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ» ሲገቡ ቃሉ ከመነሻውም ከመድረሻውም ይለያል። ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለው የቃል መተንተኛ ይህን ለማቃለል ይረዳል፤ ለአነስተኛ ድረ ገጽ ግን ቀላሉ መፍትሔ የርእስ አወጣጥ ነው። ርእሱ ሰው በሚጠይቅበት ቃል ይውጣ። «የዘመናዊ ተንቀሳቃሽ ስልኮችን የኃይል ማከማቻ ዕድሜ ስለ ማራዘም» የሚል ርእስ ለመመረቂያ ጽሑፍ ያምራል፤ «የስልክ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ለምንድን ነው?» የሚለውን ግን ሰው ይጠይቀዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮችን በዚሁ አንሥቼ ልለፍ። አንደኛው የገጹ አድራሻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲገለበጥም ወደ 9 ምልክቶች ይዘረዘራል። ስለዚህ «ስልክ» የሚለው ቃል ብቻውን 27 ምልክት ይሆናል፤ አድራሻውን በቴሌግራም የተቀበለ ሰውም ቫይረስ የተላከበት ይመስለዋል። አድራሻው በአጭር የላቲን ፊደል ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው የዳታ ወጪ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ይከብዳል የሚል አስተያየት ይሰማል። ነገር ግን 10,000 ያህል ፊደል ያለው መጣጥፍ 30 ኪሎባይት ገደማ ቢሆን ነው፤ ሳይጨመቅ የተለጠፈ አንድ የስልክ ፎቶግራፍ ደግሞ 3 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ይህም መቶ መጣጥፍ ማለት ነው። ጥቅል እየገዛ የሚያነብን ሰው የሚያስከፍለው ፎቶው እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ጎርፍና ምንጭ

ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና በሐምሌ ይሞላል፤ በጥር ግን ድንጋዩ ይታያል። የቴሌግራም ጎብኚም እንዲሁ ነው። ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ቻናሎች ከሚሊዮን በላይ ተከታይ አላቸው፤ ከእንዲህ ያለ ቦታ የተጠቀሰ ገጽ በአንድ ቀን ሊጥለቀለቅ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ግን ልጥፉ በሌሎች ልጥፎች ተቀብሯል። ከዚህም በላይ፣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ በቻናሉ ውስጥ ከተለጠፈ አንባቢው ወደ ድረ ገጹ የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም።

ከዚህ ተነሥቶ ቴሌግራምን መራቅ ስሕተት ይሆናል፤ የኢትዮጵያ አንባቢ ያለው እዚያ ነውና። የሚያስፈልገው የሥራ ክፍፍል ነው። ቻናሉ ይጥራ፤ ድረ ገጹ ደግሞ በልጥፍ ሊያዝ የማይችለውን፣ ማለትም በየሳምንቱ የሚታደስ የዋጋ ሰንጠረዥን፣ ደረጃ በደረጃ በሥዕል የተደገፈ መመሪያን፣ ከዓመት በፊት የተጠየቀ ጥያቄን መልስ ይያዝ። ልጥፍ ካለፈ አይመለስም፤ ገጽ ግን በአንድ አድራሻ እየታረመ ይኖራል።

የጥያቄው መምጫ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በየዓመቱ ሲለቀቅ በአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ሺህ ተማሪ ውጤቱን በኢንተርኔትና በስልክ ይፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ቀፎዎችን በመለያ ቁጥራቸው መመዝገብ ሲጀምር ሰው ሁሉ የቀፎውን ቁጥር እንዴት እንደሚያወጣ ጠይቆ ነበር። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ አገልግሎቱን በይፋ ሲያስጀምር እንዲሁ ሆኗል። እንዲህ ባለው ቀን ዜናውን የሚያወራው ብዙ ነው፤ «አሁን እኔ ምን ላድርግ?» ለሚለው በጠራ አማርኛ የሚመልስ ግን ያንሳል። ከዜናው ቀን በኋላ ለወራት የሚነበበው ይህ ሁለተኛው ነው።

ገንዘቡ

ለስሌት ያህል አንድ ድረ ገጽ በወር 30,000 ገጽ ተነበበለት፣ ለእያንዳንዱ ሺህ ንባብም ከማስታወቂያ አከፋፋይ 1 ዶላር አገኘ እንበል። ገቢው 30 ዶላር ነው። የጎግል አድሴንስ ክፍያ የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ ይህ መጠን የሚሞላው በአራተኛው ወር ነው። አማርኛ ለረጅም ዓመታት አድሴንስ በይፋ ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውጭ መቆየቱ ሲታሰብ ደግሞ ይህ ስሌት ቸርነት የበዛበት ነው። የውጭ ገንዘብ የመቀበያው መንገድም ጠባብ ነው፤ ፔይፓል ለምሳሌ ከኢትዮጵያ ለመላክ እንጂ ለመቀበል የማያገለግል ሆኖ ቆይቷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዚህ ስሌት ላይ ልብ የሚባል ነገር ደርሷል። ከዚያ በፊት በነበረው የ57 ብር ገደማ ምንዛሪ 30 ዶላር 1,710 ብር ነበር፤ ምንዛሪው ከሳምንታት በኋላ 100 ብርን ሲያልፍ ያው 30 ዶላር ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። አንድም አንባቢ ሳይጨመር ገቢው በብር ሊታጠፍ ተቃረበ ማለት ነው። በዶላር የሚከፈለው የሰርቨር ኪራይም አብሮ ስለ ታጠፈ ግን ደስታው አጭር ነው። ገቢውንም ወጪውንም በሩቅ ምንዛሪ ያሰረ ሥራ ዕጣው በእጁ አይደለም።

እዚህ ላይ ከኢንተርኔት በፊት የነበረውን ልማድ ማስታወስ ይጠቅማል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመንን ብዙ ሰው ይገዛው የነበረው ለርእሰ አንቀጹ ሳይሆን ለጨረታና ለክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ነው። በአራት ኪሎ ጋዜጣ እያከራዩ የሚያስነብቡ ነበሩ፤ ሥራ ፈላጊው ጋዜጣውን መግዛት ባይችል ሳንቲም ከፍሎ፣ ቆሞ ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሥራ ማስታወቂያውን አንብቦ ይመልስ ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢ ለመረጃ አይከፍልም የሚለውን አባባል ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው። ሥራ የሌለው ሰው እንኳ ከፍሎ ያነብ ነበር፤ የሚከፍለው ግን መንገድ ለሚያሳጥርለት መረጃ ነው።

ከአገራችን ድረ ገጾች መካከል ረጅም ዕድሜ ያገኙትም ይህንኑ ልማድ ወደ ኢንተርኔት ያሻገሩት ናቸው። 2መርካቶ የጨረታ መረጃን በደንበኝነት ይሸጣል፤ በኢትዮጆብስ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጣው ቀጣሪ ይከፍላል። ሁለቱም የሚሸጡት የገጽ ንባብ ብዛትን አይደለም። የሚሸጡት አንድ ተጫራች በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሊዞር የነበረበትን ቀን፣ አንድ ቀጣሪም ትክክለኛውን አመልካች ለማግኘት ሊያወጣ የነበረውን ድካም ነው።

ለየካው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ የዚህ ተጓዳኝ የመገናኛ ገበያ ነው። ያገለገለ ስልክ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ዋጋውን ሳያውቅ ከወጣ ደላላ እጅ ይወድቃል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከበርካታ ሱቆች ተጠይቆ የሚወጣ፣ የስልኩን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና የስክሪን መቀየሪያ ዋጋ የያዘ ሰንጠረዥ ለዚህ ሰው የታክሲና የክርክር ወጪ ይቀንስለታል። በሰንጠረዡ ግርጌ አድራሻቸው እንዲወጣ አምስት ሱቆች በወር 1,500 ብር ቢከፍሉ 7,500 ብር ይሆናል፤ ይህም ከላይ ካየነው የ30,000 ንባብ ገቢ ከእጥፍ በላይ ነው። ለዚህ 30,000 ንባብ አያስፈልግም፤ መገናኛ ሊደርሱ የሚችሉ 2,000 አንባቢዎች ይበቃሉ።

ባለ ሱቁን የሚያሳምነው የንባብ ቁጥር አይደለም። እኔ ብሆን ቁጥሩን ጭራሽ አላሳየውም። ለአንባቢው አንድ የመለያ ቃል ሰጥቼ «ይህን ከነገርክ የስክሪን መከላከያ በነጻ ይለጠፍልሃል» ብዬ፣ በወሩ መጨረሻ ስንት ሰው ቃሉን ይዞ እንደ መጣ ባለ ሱቁ ራሱ እንዲቆጥር አደርግ ነበር። ክፍያውም ውስብስብ አይደለም፤ በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ ቴሌብር ብቻውን ከ47 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ነበረው፤ ቻፓንና አሪፍፔይን የመሳሰሉ የክፍያ ማሳለፊያዎችም ከድረ ገጽ ጋር ይያያዛሉ።

ወርኃዊ ውል ሌላም ጥቅም አለው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል በቆየበት ጊዜ በንባብ ብዛት የሚተዳደር የአገር ውስጥ ድረ ገጽ ገቢው ከሞላ ጎደል ይቆማል። በወር የተዋዋለ ግን ከደንበኛው ጋር ተነጋግሮ ቀኖቹን ያካክሳል፤ ደንበኛው ጎረቤቱ ነውና።

ጎረቤትነቱ ግን አደጋም አለው። ማስታወቂያ የሚሰጠው ሱቅ ሰንጠረዡ ውስጥ ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲታይለት፣ ወይም ስለ ሸጠው የተበላሸ ስልክ እንዳይጻፍበት መጠየቁ አይቀርም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ ድረ ገጹ ግን ከሕጉም ጠበቅ ያለ አጥር ያስፈልገዋል። የተከፈለበት ቦታ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ሰንጠረዡ በምንም ዋጋ አይሸጥ። የሰንጠረዡን አንዲት መስመር የሸጠ ቀን 2,000 አንባቢዎቹ የሚመጡበት ምክንያት ያበቃል፤ ቀጥሎም አምስቱ ሱቆች የሚከፍሉበት ምክንያት ያበቃል። የውርርድ ማስታወቂያም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ገንዘቡ ፈጣን ነው፤ የስልክ ዋጋ ሊያይ የመጣውን ተማሪ ግን ስልኩን ወደሚያሸጠው መንገድ ይመራዋል።

ከራስጌ ያለው

የእንጦጦ ርእሶች ገንዘብ አያመጡም። ሳተላይቷ ምን ታይ ነበር፣ ምስሉ ለእርሻና ለደን ክትትል እንዴት ይጠቅማል፣ ቴሌስኮፖቹን ክረምቱና የከተማው ብርሃን እንዴት ይፈታተኗቸዋል የሚሉትን በአማርኛ የሚያብራራ ገጽ ማስታወቂያ የሚገዛለት ሱቅ የለም። የመጨረሻው ርእስ በተለይ የየካን ነዋሪ በቀጥታ ይነካል፤ በተራራው ሥር ወደ ላይ የሚያበራ እያንዳንዱ የግቢ መብራት የምልከታው አካል ሆኗል። ያም ሆኖ የፊዚክስ መምህር ለተማሪዎቹ የሚሰጠው አድራሻ፣ ሌላ ድረ ገጽም ጠቅሶ የሚያያይዘው ይህንን ገጽ ነው፤ የፍለጋ ፕሮግራሞችም ሌሎች የሚጠቅሱትን ያስቀድማሉ። የዋጋ ሰንጠረዡ የሚገኘው በከፊል የቴሌስኮፑ ገጽ ስለ ታመነ ነው።

የአካባቢ ዕውቀት ካልታደሰ በፍጥነት ይበላሻል። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ከተቋቋመ ወዲህ «የካ» ተብለው በየገጹ የተመዘገቡ አድራሻዎች ትክክል ያልሆኑበት ጊዜ መጥቷል። በሩቅ ሆኖ የሚጽፍ ይህን አያውቅም፤ ሠፈሩ ውስጥ የሚኖር ግን ለማረም አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለ ሰንጠረዡ አንድ ነገር ልጨምር። የቅዳሜው አዲስ ዋጋ ሲወጣ ያለፈው ሳምንት አይደምሰስ። እያንዳንዱ ቀኑንና የተጠየቁትን ሱቆች ብዛት ይዞ በራሱ ገጽ ይቀመጥ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊትና በኋላ የአንድ ስልክ ዋጋ በመገናኛ በየሳምንቱ እንዴት እንደ ተጓዘ የሚያሳይ መዝገብ ቢኖረን ኖሮ፣ የምንዛሪ ለውጡ በተራ ሸማች ላይ ያደረሰውን ለማጥናት በዚህ መጽሔት የሚጽፉ ባልደረቦቻችን ከማስታወስ ውጭ ሌላ መነሻ በኖራቸው ነበር። እንዲህ ያለውን መዝገብ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክና ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ያህል ነው።